የሰንበት ሕግና የባልንጀራ ሸክም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የዛሬው ነገራችን ስለ ሰንበትና ስለ በዓላት ሕግ ነው። ይኸውም ሕጉ ይከበር ወይስ አይከበር ብለን ለመከራከር አይደለም፤ መከበር እንደሚገባው ለክርስቲያን ሁሉ የታወቀ ነው። የምንመረምረው ሕጉ ወደ ዕለት ኑሯችን ሲገባ፥ በእርሻችንና በገበያችን፥ በጎረቤታችንም መካከል ሲቆም፥ ለምን ሥራ እንደ ተሰጠን ነው። ለገዛ ራሳችን ልጓም ሊሆነን ነውን፥ ወይስ ባልንጀራችንን የምንመታበት በትር?

በማጀቴና በሸዋ ሮቢት፥ በይፋትም ቆላ ሁሉ የምትኖሩ ምእመናን የማሽላን ነገር ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ የምትባለው ወፍ እንደ ደመና ሁና ትወርዳለች። መንጋዋ ባረፈበት እርሻ የዓመት ድካም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ባዶ አገዳ ሁኖ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው በእርሻው መካከል ማማ ይሠራል፤ ልጆቹም ወንጭፍ ይዘው ከንጋት እስከ ምሽት እየጮኹ ይጠብቃሉ። ግሪሳ ደግሞ በዓል አታውቅም፤ እሑድን ከሰኞ አትለይም።

አሁን አንዲት መበለት በልቡናችን እናስብ። ባልዋ ሞቷል፤ ልጆቿ ትንንሾች ናቸው፤ በሬም ረዳትም የላትም። ማሽላዋ ደርሷል፤ ወፉም መጥቷል። ቀኑ ከወሩ 12 ነው፤ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው። ሌላው ሰው ዘመድ ጠርቶ፥ ደቦ አውጥቶ፥ ሰብሉን ከበዓሉ በፊት ሰብስቧል። እርሷ ግን የሚጠራላት ሰው ስለሌላት ዘግይታለች። በዚህ ጊዜ ማጭዷን ይዛ ወደ እርሻዋ ወረደች፤ ለልጆቿ የሚበቃትን ያህል የማሽላ ዛላ ቈረጠች። ጎረቤቶቿም አዩአት። በዓል የሻረ ሰው በአገር ላይ በረዶ ያመጣል የሚባለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ የቅሬው ዳኛ ተጠራ፤ ቅጣትም ተቈረጠባት። በሬ አልነበራትምና ከበጓ ላይ ወሰዱባት።

እንግዲህ ፍርዱ ትክክል ነውን? መልሱን ከመስጠታችን አስቀድሞ አባቶቻችን ስለዚህች ስለ ሰንበት ምን እንደ ተቀበሉ እንመልከት።

ዛሬ ያለ ክርክር ቅዳሜንና እሑድን ሰንበት ብለን የምናከብር ሰዎች፥ ይህ ነገር እንዴት ባለ ድካም እንደ ተወሰነ አናስታውሰውም። በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በሰራዬ ሁነው ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋራ ትከበር ብለው ያስተምሩ ነበር። በዚህ ትምህርት ምክንያት ተቃዋሚ ተነሣባቸው፤ ከአገራቸው ወጥተው ወደ ግብፅ፥ ወደ ኢየሩሳሌም፥ በመጨረሻም ወደ አርማንያ ሄዱ፤ በዚያው በባዕድ ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርቶቻቸውም ከግብፅ ከመጡት ጳጳሳት ክህነት ስላልተቀበሉ ከሌላው ተለይተው በየገዳማቸው ኖሩ። የደብረ ቢዘኑ አቡነ ፊልጶስ ከወንድሞቻቸው ጋራ ስለ ሰንበት ታስረዋል። በ1396 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት ከእስራት ፈቷቸው፤ እንደ ልማዳቸውም ሰንበትን ያከብሩ ዘንድ ፈቀዱላቸው። ነገር ግን መለያየቱ ገና አልተፈወሰም ነበር። በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዱ በቅዳሜ ሲያርፍ ሌላው ይሠራ ነበር።

ይህ ቍስል የተፈወሰው ከይፋት ቆላ ሽቅብ ባለው በሸዋ ደጋ፥ በተጉለት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በግብፅ ያለች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፥ ደብረ ምጥማቅ፥ እንደ ፈረሰች በሰሙ ጊዜ አዝነው በተጉለት በዚያው ስም ሌላ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1442 ዓ.ም. ገደማ በዚያች በደብረ ምጥማቅ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። ከግብፅ የመጡት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋራ እንድትከበር ተስማሙ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስም ልጆች ከጳጳሳቱ ክህነትን ለመቀበል እሺ አሉ። ይህን ልብ በሉ፤ ከሁለቱ ወገን አንዱ ብቻ ድል አድርጎ አልወጣም። ጳጳሳቱ ስለ ሰንበት ለቀቁ፤ መነኮሳቱም ስለ ክህነት ለቀቁ። መቶ ዓመት ያህል የቆየው ክርክር ያለቀው እንዲህ በመለቃቀቅ ነው። እንግዲህ ዛሬ በቅዳሜ በሬህን ፈተህ ስትለቀው፥ ያ ዕረፍት በአባቶች ስደትና በአባቶች ዕርቅ የተገኘ እንደ ሆነ ዕወቅ።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡ፥ በሃይማኖት ትምህርት የጠለቁ ንጉሥ ነበሩ። በመጽሐፈ ብርሃን ሕዝቡ በሰንበታት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሰበሰብ፥ ካህናቱም ሳያቋርጡ እንዲያስተምሩ አዘዋል። ሃይማኖት በዕለት ኑሮ ሁሉ ላይ እንዲታይ ፈልገው ምእመናን የሥላሴን ስም በግንባራቸው እንዲጽፉ፥ የመስቀልንም ምልክት በልብሳቸውና በጦር መሣሪያቸው፥ በማረሻቸውም ላይ ሳይቀር እንዲያደርጉ አወጁ። የንጉሡ አሳብ መልካም ነበር፤ ጣዖትና ጥንቈላ ከሕዝቡ እንዲጠፋ ነበርና።

ነገር ግን የገዛ ዜና መዋዕላቸው ሌላም ነገር ሳይደብቅ ጽፎልናል። ደስክና ዲኖ የተባሉትን ጣዖታት ያመልካሉ እያሉ ሰውን የሚከስሱ ሰዎች ተነሡ። በሐሰት የተከሰሱ ብዙዎች ተቀጡ። ፍርሃት በአገር ላይ ወደቀ፤ ሰው ከጎረቤቱ አፍ ይሸሸግ ጀመር። ከንጉሡ ልጆች እንኳ የቅጣቱ በትር ያልራራላቸው ነበሩ። የልጃቸው የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ተከስሳ ስለ ተገረፈች ሞተች። ልጇ በእደ ማርያም ግን በ1460 ዓ.ም. በነገሠ ጊዜ ቂም ይዞ አልተነሣም፤ ለታሰሩት ምሕረት አደረገ፤ ከግዞት መለሳቸው። ሕጉን አልሻረም፤ ሰንበት ሰንበት ሁና ኖረች። ከሕጉ ላይ ያራቀው ፍርሃትን ነው። እነሆ፥ ያው ሕግ በደብረ ምጥማቅ ወንድማማቾችን አስታረቀ፤ በሐሰተኛ ከሳሽ አፍ ሲገባ ደግሞ እናትን ከልጇ ለየ።

ይህ ፈተና በእኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስለን፥ ባሕር ተሻግረን የሌላ ሕዝብ ታሪክ እንመልከት። እነዚህ ሰዎች በሃይማኖት ሥርዓት ከእኛ የተለዩ ናቸው፤ ሆኖም ሰንበትን አጥብቀው የያዙ ነበሩ። ዓመታቸውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

በ1620 ሜይፍላወር በምትባል መርከብ 102 ሰዎች ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ከእነርሱ ከፊሎቹ በንጉሡ ሥርዓት ለመጸለይ እንገደድ የለም ብለው የተሰደዱ ነበሩ። በመጀመሪያው ክረምት እኩሌታ ያህሉ በብርድና በበሽታ ዐለቁ። የተረፉትን የአገሩ ተወላጆች የሆኑት ዋምፓኖአግ የተባሉት ሕዝብ ረዷቸው፤ በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ አሳዩአቸው። አለቃቸው ማሳሶይትም በ1621 ከእነርሱ ጋራ የሰላም ቃል ኪዳን አደረገ። ከዐሥር ዓመት በኋላም ሌሎች ብዙ እንግሊዛውያን መጥተው ማሳቹሴትስ በሚባለው ባሕር ዳር ሰፈሩ።

እነዚህም ሰዎች አገራቸውን በመጽሐፍ ቅዱስ ሕግ ለማስተዳደር ቈረጡ። ሰንበታቸው እንደ እኛ ልማድ ከዋዜማው ማታ፥ ቅዳሜ ፀሐይ ስትገባ፥ ይጀምር ነበር። በዚያ ቀን ሥራም፥ ጉዞም፥ ጨዋታም ክልክል ነበር። በማሳቹሴትስ በ1646 በወጣው ሕግ በሰንበት ከጸሎት የቀረ ሰው አምስት ሺሊንግ ይቀጣ ነበር። የልደትን በዓል ግን በመጽሐፍ አልታዘዘም ብለው ከለከሉት፤ በ1659 ሕግ አውጥተው፥ በልደት ቀን ሥራ ፈትቶ ወይም ግብዣ አድርጎ የተገኘ ሰው አምስት ሺሊንግ እንዲከፍል አደረጉ። ይህ ሕግ እስከ 1681 ጸንቶ ኖረ። እኛን በልደት ቀን መሥራት ያስነውረናል፤ እነርሱን አለመሥራት ያስቀጣቸው ነበር። ስለ ጸሎታቸው ተገደው የተሰደዱት ሰዎች፥ ሥልጣን በእጃቸው በገባ ጊዜ ሌላውን ስለ ጸሎቱ የሚያስገድዱ ሆኑ።

ይሁን እንጂ የዚያ ሕዝብ ታላቁ ፈተና በአምስት ሺሊንግ ላይ አልነበረም። በ1675 በእንግሊዛውያንና በአገሩ ተወላጆች መካከል ጽኑ ጦርነት ተነሣ። የተወላጆቹ መሪ ሜታኮም ነበር፤ እርሱም ቃል ኪዳን የገባላቸው የማሳሶይት ልጅ ነው። በ1676 ሜታኮም ተገደለ፤ ራሱም በፕሊመዝ ከተማ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ለብዙ ዓመታት ታየ። ሚስቱና ገና ሕፃን የነበረው ልጁ ተማረኩ። ሹማምንቱ በልጁ ላይ ምን እናድርግ ብለው ሰባኪዎቻቸውን ጠየቁ። ሁለት ሰባኪዎች መጽሐፍ ቅዱስን ገልጠው፥ የዐመፀኛ ልጅ ከአባቱ ጋራ መሞት ይችላል ሲሉ መለሱ። ሌላው ግን፥ ጄምስ ኪት የሚባለው፥ ያንኑ መጽሐፍ ገልጦ ልጅ ስለ አባቱ ኃጢአት እንዳይገደል የሚያዝዘውን የኦሪት ዘዳግምን ሕግ፥ ይህንንም ሕግ የጠበቀውን የንጉሥ አሜስያስን ሥራ አስታወሰ። ልጁም ከሞት ተረፈ፤ ነገር ግን በባርነት ተሸጠ። አያቱ ያበላቸውና ቃል ኪዳን የገባላቸው ሰዎች የልጅ ልጁን ሸጡት።

ምእመናን ሆይ፥ መጽሐፉ አንድ ነበር። አንዱ ከውስጡ ሰይፍ አወጣ፤ ሌላው ከውስጡ የሕፃን ነፍስ አወጣ። ሕግን ማወቅ ብቻውን እንደማያድን ከዚህ እንማራለን።

ይህንኑ ሕዝብ በ1692 ሌላ መከራ አገኘው። በሴለም ከተማ ሰዎች እርስ በርሳቸው በጥንቈላ ተካሰሱ፤ በከሳሾችም ቃል 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌም በድንጋይ ክብደት ተጭኖ ሞተ። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በጥር 1697፥ ስለ ተፈጸመው በደል የጾምና የጸሎት ቀን ታወጀ። ከፈራጆቹ አንዱ ሳሙኤል ስዋል በዚያ ቀን በሕዝብ ፊት ቆመ፤ በደሉን ያመነበት ጽሑፍም በሰባኪው አፍ ተነበበ። የሞቱት ግን በዚህ አልተነሡም። ስለዚህ በጎረቤታችን ላይ ከመፍረዳችን በፊት የምንቆምባት አንዲት ሰዓት፥ ከፈረድን በኋላ ከምናደርገው ብዙ ንስሐ ትሻላለች።

እንግዲህ ወደ መበለቲቱ እርሻ እንመለስ። እግዚአብሔር በሙሴ እጅ የሰንበትን ሕግ በሰጠ ጊዜ ስለ ማን እንዳዘዘ አስተውሉ። አንተ ዕረፍ ብሎ ብቻ አልተወም። ወንድ ባሪያህ፥ ሴት ባሪያህ፥ በሬህና አህያህ፥ በደጅህም ውስጥ ያለው መጻተኛ ይረፉ ዘንድ አዘዘ፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ አለ። እንግዲህ ሰንበት ከመጀመሪያው የደካማው ቀን ናት። ባለጠጋ በፈለገው ቀን ሊያርፍ ይችላል፤ ሰንበት ባትኖር ኖሮ ዕረፍት የማያገኘው አገልጋዩና በሬው ነው። ስለዚህ ሰንበትን በደካማው ላይ በትር ያደረገ ሰው፥ በዓሉን አከበርሁ ቢልም የበዓሉን ጌታ አሳዝኖታል።

ጌታችንም በሥጋ በተመላለሰ ጊዜ ይህንኑ አጸናው። ደቀ መዛሙርቱ ተርበው በሰንበት በእርሻ መካከል ሲያልፉ እሸት ቀጥፈው በሉ። ፈሪሳውያን ከሰሷቸው። እርሱ ግን ዳዊት በተራበ ጊዜ ያደረገውን አስታወሳቸው፤ ሰንበትም ስለ ሰው እንደ ተፈጠረች አስተማራቸው። ደግሞም በሬው በሰንበት ጕድጓድ ቢገባበት የማያወጣ ማን እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ፍትሐ ነገሥታችንም በ15ኛው አንቀጽ ጾምን አጥብቆ ሲያዝ የታመመውን ሰው አያስጨንቀውም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ምሕረትን በውስጡ ይዞ የተጻፈ ነው፤ እኛ ስናነበው ግን ብዙ ጊዜ ምሕረቱን ዘለን ቅጣቱን እናነባለን።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ፥ «አባታችን፥ እንዲህ ከሆነ ሁሉ እየተነሣ ችግር አለብኝ ሲል በዓል ሊጠፋ አይደለምን?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስንፍናን ችግር እያለ የሚጠራ ሰው አለ፤ ገንዘብ በመውደድ ሰንበትን ገበያ ያደረገም አለ። እንዲህ ያለውን የነፍስ አባቱ ይምከረው፤ ይገሥጸውም። ነገር ግን እነሆ እውነተኛ መለያ አለን። መበለቲቱ በበዓሉ ቀን ወደ እርሻዋ የወረደችው በዋዜማው ማንም ስላልወረደላት ነው። በዓሏን እንድታከብር የምትወድ ከሆነ፥ በ11 ቀን ማጭድህን ይዘህ ሂድላት። በማረሻ ጊዜ ዓርብ ዕለት በሬህን አውሳት። ልጆችህን ከልጆቿ ጋራ በማማው ላይ አውጣቸው። ይህን ሁሉ አድርገህ ሳለ እርሷ በዓሉን ብትንቅ፥ በዚያን ጊዜ ለመናገር አፍ ይኖርሃል። ሸክሟን ሳትነካ በጓን የወሰድህ እንደ ሆነ ግን፥ ከሁለታችሁ ሰንበትን የሻረው ማን እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

ደቦና ወንፈል ለአባቶቻችን የሥራ ማቃለያ ብቻ አልነበሩም፤ በዓልን የሚጠብቁ አጥሮችም ነበሩ። ብዙ እጅ በአንድ ቀን ሲያጭድ ደካማው በበዓል ለመሥራት አይገደድም። ዛሬ በየቦታው በዓል ተሻረ እያልን ስናዝን፥ ምናልባት አስቀድሞ የተሻረው ደቦው ይሆናልና ይህን እንመርምር።

ሌላም ነገር አለ። የይፋት ሰው ብቻውን አይኖርም። ክርስቲያኑ እሑድን ሲያከብር እስላሙ ዓርብን ያከብራል፤ ገበያቸው ግን አንድ ነው፤ ወንዛቸውም አንድ ነው። ሰው ሲሞት ቃሬዛውን ይሸካከማሉ፤ በሠርግ ለየብቻ ታርዶ በአንድ ድንኳን ይበላል። ሕግ በደጅህ ያለውን መጻተኛ ዐስብ ያለው ይህን የመሰለ ኑሮ እንዲጸና ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ ቤት ተቃጥሏል፤ ሕዝብ ተሰድዷል፤ ብዙ እናት አልቅሳለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕግ ማክበራችን የሚታወቀው በበዓላችን ብዛት አይደለም። የሜታኮምን ልጅ ታሪክ አስታውሱ፤ የአባት በደል በልጅ ላይ እንዳይቈጠር ያዘዘውን ሕግ ጠብቁ። ያ ዘመዴን ጐድቷል ብለህ ያላጠፋውን ጎረቤትህን አትመልከተው።

በመጨረሻም ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። መጀመሪያ፥ ሰንበትንና በዓላትን አክብሩ፤ ቅዳሴ አስቀድሱ፤ በሬዎቻችሁንና አገልጋዮቻችሁን አሳርፉ። ሁለተኛ፥ በየቅሬያችሁ በየቤተ ክርስቲያኑም ስትሰበሰቡ፥ በዓል ሻረ የተባለን ሰው ከመቅጣታችሁ በፊት ቤቱን እዩ፤ ስንት ልጅ እንዳለው፥ ረዳት ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ የነፍስ አባቱንም አስቀርባችሁ ስሙ። ሦስተኛ፥ በየአጥቢያችሁ ያሉትን መበለቶችና አረጋውያን፥ ሕሙማንንም ቍጠሩ፤ ለእነርሱም በዘር ጊዜና በአጨዳ ጊዜ አንድ የደቦ ቀን ለዩ። ያች ቀን ከወሩ በዓላት በአንዱ ዋዜማ ብትሆን፥ በማግሥቱ መበለቲቱ ነጠላዋን ለብሳ ከእናንተ ጋራ በቅዳሴው ትቆማለች።

ለአባቶቻችን በደብረ ምጥማቅ የዕርቅን መንፈስ የሰጠ አምላክ፥ ለእኛም ሕጉን በፍቅር የምንጠብቅበትን ልቡና ይስጠን። የቆላውን እህል ከወፍና ከአንበጣ፥ የደጋውን ከውርጭና ከበረዶ ይጠብቅልን። ለአገራችን ሰላምን፥ ላዘኑት መጽናናትን፥ ለተሰደዱትም ወደ ቤታቸው መመለስን ያድለን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱስ ሚካኤልም ጥበቃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።